የዳኛ ትእዛዝ ከችሎት ከወጣ በኋላ

(በሬዲዮ የተነገረ)

የዛሬው ንግግራችን ስለ ሕግ፣ ስለ ፍርድ ቤትና ስለ ፖለቲካ ግንኙነት ነው። ርእሱን ሲሰሙት የትምህርት ቤት ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ለገበያና ለመሥሪያ ቤት የሚቀርበው ይበልጣል፤ ስለዚህ እኛም ከገበያ እንነሣለን።

በቀድሞው ዘመን ሕግ ለሕዝብ ይደርስ የነበረው በገበያ ቀን ነው። ነጋሪት ተጎስሞ ሻጩም ሸማቹም ጸጥ ሲል፣ ዐዋጅ ነጋሪው «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» እያለ የንጉሡን ቃል ያሰማ ነበር። በ1934 ዓ.ም. የመንግሥት ሕግ በጋዜጣ መታተም ሲጀምር ጋዜጣው «ነጋሪት ጋዜጣ» መባሉ ከዚሁ የተነሣ ነው። ዛሬም የፌዴራሉ ሕግ የሚወጣበት ጋዜጣ ይህንኑ ስም ይዞ ይገኛል፤ ከበሮው ቢቀርም ስሙ አልቀረም።

የአዲስ አበባ ዋና ገበያ በመጀመሪያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያን ከተማይቱን በያዘበት ዘመን ነጩንና ጥቁሩን ለይቶ ለማስፈር ሲል ያገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው፤ ስሙም በጣሊያንኛ «መርካቶ» ተብሎ ቀረ። እንግዲህ ዛሬ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የምናየው ታላቁ ገበያ ራሱ የተወለደው ከፖለቲካ ትእዛዝ ነው። ይህን ያነሣነው ነጋዴውን ለማሳዘን ሳይሆን፣ ፖለቲካ ከሕዝብ ኑሮ ርቆ በምክር ቤት ብቻ የሚኖር ነገር አለመሆኑን ለማመልከት ነው።

አሁን ደግሞ የመርካቶን የዕለት ነገር እንመልከት። አንድ ነጋዴ ለሌላው ነጋዴ ዕቃ በዱቤ ሰጥቶ ቼክ ይቀበላል። ቼኩ ባንክ ሲደርስ በቂ ስንቅ የለውም ይባላል። በመጀመሪያ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ በመርካቶ ብዙው ነገር በዚህ ያልቃል። ያላለቀው ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ክርክር ተሰምቶ ፍርድ ይሰጣል። የፈረደለትም ሰው የአፈጻጸም መዝገብ ያስከፍታል፤ የተፈረደበት በፈቃዱ ካልከፈለ ዕቃው ተይዞ በሐራጅ ይሸጣል። ሥርዓቱ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተዘርዝሮ ይገኛል። ባለዕዳው ያጉረመርም ይሆናል፤ ይግባኝም ይላል፤ ሱቁ በር ላይ ቆሞ «እምቢ፤ አታሽጉም» ለማለት ግን አይደፍርም። የማይደፍረውም ዳኛውን በአካል ፈርቶ አይደለም፤ ዳኛው ወታደር የለውም፤ ካዝናም የለውም። ከፍርድ አስፈጻሚው በስተኋላ ፖሊስ፣ ከፖሊሱም በስተኋላ መንግሥት መኖሩን ስለሚያውቅ ነው።

የጉዳዩ ሥር እዚህ ላይ ነው። የተፈረደበት ነጋዴ ሲሆን መንግሥት ለዳኛው ክንድ ይሆነዋል። የተፈረደበት መንግሥት ራሱ፣ ወይም መንግሥት እንዲፈታ የማይወደው ሰው በዋስ እንዲወጣ የታዘዘ እንደ ሆነስ? ትእዛዙን የሚፈጽመው እጅና ትእዛዙ የከበደው ራስ የአንድ አካል ናቸው። ስለ ዳኝነት ነጻነት ብዙ ሲነገር እንሰማለን፤ አብዛኛውም የሚነገረው ዳኛው እንዴት እንደሚሾም፣ ማንም እንዳያዘው ምን እንደ ተጻፈለት ነው። በእኛ ግምት ዋናው መፈተኛ የሚመጣው ፍርዱ ከተነበበ በኋላ ነው።

«ፖለቲካ» የሚለው ቃል በአፋችን ሲነገር አንዳንድ ጊዜ እንደ ነውር ይቈጠራል። ትርጕሙ ግን አገር የሚተዳደርበትን ነገር መምከርና መወሰን ነው። ሕግ የሚወጣው በፖለቲካ ነው፤ ዳኛም የሚሾመው በፖለቲካ ነው። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት እንኳ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማል። በዚህ የሚያስነውር ነገር የለበትም፤ በብዙ አገር እንዲሁ ነው። የሚጠየቀው ዳኛው ከተሾመና ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የሾመው ሰው ቃሉን ይቀበላል ወይስ አይቀበልም የሚለው ነው።

በአገራችን ይህ ጥያቄ ለረዥም ዘመን አልተነሣም፤ የመጨረሻው ዳኛ ንጉሡ ራሳቸው ነበሩና። ከአፈ ንጉሥ ችሎት ያለፈ ነገር ወደ ዙፋን ችሎት ይቀርብ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዳኞች ከሕግ በቀር ለሌላ ሥልጣን እንደማይገዙ ደነገገ፤ ከ10 ዓመት በኋላ የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ግን ለዙፋን ችሎት አቤቱታ የሚቀርብበትን አንቀጽ በውስጡ ይዞ ወጣ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዘመን ጎን ለጎን ቆሙ። የዙፋኑ ችሎት ለድኻው የመጨረሻ ተስፋ እንደ ነበረ የሚያስታውሱ አሉ፤ እውነትም ነው። ሆኖም ንጉሡ በአንድ ጊዜ አስተዳዳሪም ፈራጅም ሲሆኑ፣ በአስተዳዳሪው ላይ የሚቀርበውን ክስ የሚሰማው ማን እንደ ሆነ መልስ አልነበረውም።

ከመርካቶ ብዙም በማይርቀው በተክለ ሃይማኖት አደባባይ መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በስቅላት ተቀጡ። የታኅሣሡ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ መሪ ነበሩ። ፍርዱ ይክበድ ወይም ይቅለል፣ ክስ ተነቦላቸው፣ በችሎት ቆመው፣ ቃላቸውን ሰጥተው ነው የተፈረደባቸው። ከዚያ 14 ዓመት ሳይሞላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ደርግ 60 ያህል ሰዎችን፣ አብዛኞቹ የቀድሞው መንግሥት ሚኒስትሮች፣ መኳንንትና የጦር አለቆች የነበሩትን፣ ያለ አንዳች ፍርድ በአንድ ሌሊት ረሸነ። ምሽቱን በሬዲዮ የሰማ ሰው ጠዋት ማልዶ ዜናውን ሲሰማ የ«ውሳኔ» ቃል ነበር የሰማው፤ የዳኛ ስም ግን በውስጡ አልነበረም። የሚያስደንቀው፣ ከታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ጀምሮ የደርግ ባለሥልጣኖች በቀይ ሽብር ጉዳይ ሲከሰሱ፣ እነርሱ ለሌላው የነፈጉት ችሎት ለእነርሱ ተሰጥቷቸው፣ ጥፋተኛ የተባሉት ከ12 ዓመት ያህል ክርክር በኋላ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው። መሪያቸው ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በዚምባብዌ ስለ ነበሩ በሌሉበት ተፈረደባቸው። የፍርዱን መዘግየት ብዙ ሰው ነቅፎታል፤ ቢሆንም ከኅዳር 14ቱ ሌሊት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በደርግ ዘመን የመርካቶ ቤቶች ብዛታቸው በ1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ዐዋጅ የመንግሥትና የቀበሌ ሆኑ፤ የቤትና የቦታ ክርክርም ከመደበኛው ፍርድ ቤት ወጥቶ ለቀበሌ የፍርድ ሸንጎ ተሰጠ። ሸንጎው የቀበሌው ዳኛ ነው፤ ቀበሌው ደግሞ ቤቱን የሚያከራየው ራሱ ነው። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገውም።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 79 የዳኝነት ሥልጣን የፍርድ ቤቶች ብቻ መሆኑን፣ ዳኞችም ከሕግ በስተቀር በሌላ ሁኔታ እንደማይመሩ ይናገራል። በአንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት እንዳለው፣ ፍርድ ቤትም ዋስትና ሊከለክል የሚችለው በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች እንደ ሆነ ያስረዳል። ይህ ሁለተኛው አንቀጽ በ1993 ዓ.ም. በብርቱ ተፈተነ።

በዚያ ዓመት መጋቢት ወር ላይ ሕዝባዊ ወያነ ሓርነት ትግራይ በውስጡ ተከፈለ። ከተሸነፈው ወገን መሪዎች አንዱ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ ነበሩ። በሙስና ተጠርጥረው ሲያዙ ጉዳያቸው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ በወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ፊት ቀረበ። ዳኛዋም ሕጉን አይተው በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ግን ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ እንደገና ተያዙ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ፣ በሰኔ ወር 1993 ዓ.ም.፣ ዐዋጅ ቁጥር 239/1993 ወጣና በሙስና ወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት እንደሌለው ደነገገ። ፍርድ ቤቶቹም በአዲሱ ዐዋጅ መሠረት ዋስትናውን ከለከሉ። አቶ ስዬ ከ6 ዓመት እስራት በኋላ በ1999 ዓ.ም. ወጡ።

አድማጮቻችን እንዲያስተውሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። ሕግ አውጪው ሕግ የማውጣት ሥልጣን አለው፤ ማንም አይነፍገውም። ሙስናም ከባድ ወንጀል ነው፤ ዋስትናን የሚያጠብ ሕግ ማውጣት በራሱ ከሕገ መንግሥቱ ውጭ ነው አይባልም። ዐዋጁ ወደ ኋላ ሄዶ ሊሠራ ይገባው ነበር ወይስ አይገባውም በሚለው ላይ ሕግ ዐዋቂዎች ብዙ ተከራክረዋል፤ አንዱ ወገን ዋስትና የሥነ ሥርዓት ነገር ነው ሲል፣ ሌላው መብት ነው ይላል። ከዚህ ክርክር ይልቅ የቀን አቈጣጠሩ ራሱ ይናገራል። በፊት ሕግ ወጥቶ ኋላ ሰው ይከሰስበታል፤ በዚህ ጊዜ ግን ሰውየው ተይዞ፣ ዳኛ ፈትቶት፣ ኋላ ሕጉ ወጣ። ልብስ ሰፊ ልብሱን በሰው ልክ ይሰፋል፤ ሕግ ግን ለሁሉ በአንድ ልክ እንዲሆን ነበር የታሰበው። ዐዋጁ የተነጋገረው ከተጠርጣሪው ጋር ብቻ ሳይሆን ከዳኛዋም ጋር ነበር ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ከ4 ዓመት በኋላ ነገሩ ወደ መርካቶ ወረደ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ በተደረገበት ቀን ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ለአንድ ወር ያህል ሰልፍና ስብሰባ እንዳይደረግ ከለከሉ። ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ ክልከላው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ግን ጥያቄውን ራሱ አልወሰነም፤ ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ መራው፤ ጉባኤውም ክልከላው ሕገ መንግሥቱን አይቃረንም አለ።

ለምን ራሱ አልወሰነም የሚል አድማጭ ይኖራል። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1803 ጀምሮ ሕገ መንግሥትን የሚቃረን ሕግ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ ጀርመኖችም ለዚሁ ሥራ በካርልስሩኸ የተለየ ፍርድ ቤት አቋቁመዋል። የእኛ ሕገ መንግሥት ግን የመተርጐሙን ሥልጣን የሰጠው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ምክንያቱ ሕገ መንግሥቱ የብሔሮች፣ የብሔረሰቦችና የሕዝቦች ቃል ኪዳን ስለ ሆነ፣ ቃል ኪዳኑን መተርጐም ያለባቸው እነርሱ ናቸው የሚል ነው። አጣሪ ጉባኤው 11 አባላት ሲኖሩት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ይመራዋል፤ ጉባኤው ግን አጥንቶ ሐሳብ የሚያቀርብ ነው እንጂ የመጨረሻው ቃል የምክር ቤቱ ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባሎች በየክልሉ ምክር ቤት ተመርጠው የሚመጡ የፖለቲካ ሰዎች ናቸው። ምክንያቱ መልካም ነው ብንል እንኳ፣ በመንግሥት ላይ የሚቀርብ ትልቁ የሕግ ጥያቄ መጨረሻው ከፖለቲካ ሰው እጅ እንዲወድቅ ያደርጋል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ምርጫው በኮሮና በሽታ ምክንያት ሲራዘም የምክር ቤቶቹን ዘመን ያስቀጠለው ውሳኔ በዚሁ መንገድ የተሰጠ ነው።

ክልከላው ጸንቶ ሳለ፣ ሰኔ 1 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ በመርካቶና በሌሎችም የከተማይቱ ሰፈሮች በተነሣው ሁከት የጸጥታ ኃይሎች ተኰሱ፤ ሰው ሞተ። በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ከ22ኛው ቀን ጀምሮ ነገሩ ከመርካቶ ተነሥቶ እንደገና ተቀጣጠለ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይህን የሚመረምር ኮሚሽን አቋቋመ፤ ሰብሳቢው ፍሬሕይወት ሳሙኤል፣ ምክትሉም ወልደሚካኤል መሸሻ፣ ሁለቱም ዳኞች ነበሩ። ከተሰጣቸው ጥያቄ ዋናው የጸጥታ ኃይሎች የተጠቀሙበት ኃይል ከሚያስፈልገው በላይ ነበር ወይስ አልነበረም የሚል ነው።

ኮሚሽኑ ከቤት ወደ ቤት፣ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ማስረጃ ሰብስቦ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን፣ 763 ሲቪሎች መቍሰላቸውን መዘገበ። በሰኔ 1998 ዓ.ም. ድምፅ ሲሰጥ፣ ኃይሉ ከመጠን በላይ ነበር ያሉት 8፣ አልነበረም ያሉት 2 ሆኑ። ከዚህ በኋላ ሰብሳቢውና ምክትሉ ውሳኔውን እንዲለውጡ ግፊት ደረሰብን ብለው አገር ለቀው ወጡ፤ ውጤቱንም በ1999 ዓ.ም. በውጭ አገር ሆነው ገለጡ። በዚያው ዓመት ለምክር ቤቱ በይፋ የቀረበው ዘገባ የሟቾቹን ቍጥር እንዳለ ይዞ፣ ኃይሉ ግን ከመጠን ያለፈ አልነበረም አለ። ቍጥሩ ሳይለወጥ መልሱ ተለወጠ። የሞተበትን ልጅ አስከሬን ከሆስፒታል የተረከበ የመርካቶ ሰው ሁለቱን መልሶች ሰምቷል፤ የትኛውን እንዳመነ መጠየቅ አያስፈልግም።

ወይዘሪት ብርቱካንም በዚህ ጊዜ የዳኝነቱን ወንበር ትተው የቅንጅት አመራር አባል ነበሩ። ከሌሎቹ መሪዎች ጋር ታስረው፣ ሐምሌ 9 ቀን 1999 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ በአራተኛው ቀን፣ ሐምሌ 13፣ በሽማግሌዎች አማካይነት በይቅርታ ተለቀቁ። ይቅርታ በሕግ የታወቀ ነገር ነው፤ ሽምግልናም ባህላችን ነው። ይሁንና የዕድሜ ልክ ፍርድ በ4 ቀን ሲነሣ ያየ ሰው የታሰሩትም የተፈቱትም በማን ቃል እንደ ሆነ መጠየቁ አይቀርም። ይቅርታቸው በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ተሰርዞ እንደገና ታሰሩ፤ በመስከረም 2003 ዓ.ም. ተፈቱ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ፤ በ2015 ዓ.ም. ለቀቁ። አንዲት ዳኛ ፈቺ፣ ታሳሪ፣ እንደገናም ሹም የሆኑባት አገር ናት።

ይህ ሁሉ ያለፈ መንግሥት ታሪክ ነው የሚል እንዳይኖር፣ ከዚያም ወዲህ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የምሥራቅ ሸዋ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቶ ልደቱ አያሌው በዋስ እንዲለቀቁ ሲያዝ ፖሊስ ሳይለቃቸው መቆየቱን እናስታውሳለን። የወጡት ከወራት በኋላ ነው። የሕጉ ቃል በ1993 እና በ2013 ዓ.ም. መካከል በብዙ ተሻሽሏል፤ በ2013 ዓ.ም. ስለ ፌዴራል ፍርድ ቤቶችና ስለ ዳኝነት አስተዳደር አዲስ ዐዋጆች ወጥተዋል። ከችሎት ደጅ እስከ እስር ቤት ደጅ ያለው መንገድ ግን በዐዋጅ ብቻ የሚቀና አልሆነም።

መንገዱ የሚያልፈው በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነውና፣ በመጨረሻ ወደ አድማጮቻችን ወደ መንግሥት ሠራተኞች እንመለስ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ማኅተም ታትሞበት ወደ መዝገብ ቤት ይገባል፤ ቍጥር ይሰጠዋል፤ ወደ ኃላፊው ይመራል። በዚያው ሰዓት ስልክ ይደወላል፤ «እስቲ ትንሽ ይቆይ፤ ይጣራ» ይባላል። ስልክ ደዋዩ ፊርማ የለውም፤ ቀን የለውም፤ ቍጥር የለውም። ትእዛዙን በመሳቢያው ውስጥ ያቆየው ሠራተኛ ግን ፊርማው በመዝገቡ ላይ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ፍርድ ቤትን መድፈርን ሲቀጣ ስልክ የደወለውን አያገኘውም፤ የሚያገኘው ወረቀቱን የተቀበለውን ነው።

ትእዛዙ ስሕተት ነው ብሎ የሚያምን መሥሪያ ቤት መንገድ አላጣም። ዐቃቤ ሕጉ ወይም የሕግ ክፍሉ ይግባኝ ይላል፤ ከይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም የእግድ ትእዛዝ ይጠይቃል። እግዱ ከመጣ አፈጻጸሙ ይቆማል፤ ካልመጣ ይቀጥላል። ይግባኝ መጠየቅ ብቻውን ፍርድን እንደማያግድ በዚያው በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተጽፎ ይገኛል፤ ሕጉም ለመርካቶው ባለዕዳና ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁለት ዐይነት ሥርዓት አላበጀም።